እስከ ሦስተኛው ጥሪ

ጥቅምት 18

ሰርካለም ደብተር ገዛችልኝ። "አባባ፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይጻፉ፣ ለማስታወስ ይረዳል" አለች። ምን ረሳሁ? መነጽሬን። እሱም ግንባሬ ላይ ነበር።

እሺ። አንድ ቀን ሁሉን ረስቼ ይሄን ባነበው እንዳልደናገር... ታረቀኝ ትባላለህ። ሰባ ዘጠኝ ዓመትህ ነው። ጉለሌ ተወልደህ ጉለሌ አርጅተሃል። ዊንጌት አጠገብ ጎሚስታ ነበርክ። ሌላው ጎማውን ውኃ ውስጥ ነክሮ ቀዳዳ ሲፈልግ አንተ ጆሮህን ጠጋ አድርገህ ትንፋሹን ትሰማ ነበር። ስለዚህ ጆሮህ ትኮራለህ። ዓይንህን ተወው።

ቤት ውስጥ ሦስት ሰው አለ። አንተ፣ ታላቅ እህትህ እትዬ መሰለች፣ የልጅ ልጅህ ሰርካለም። ሰርካለም ጳውሎስ ጋ ፋርማሲ ትሠራለች፤ አንዳንዴ የሌሊት ተረኛ ናት። ድመት ሁለት። ወንዱ ሻምበል፣ በጢሙ ምክንያት። ሴቷ ወይዘሪት። አራት ጊዜ ወልዳለች፤ ማዕረጓን ግን አልነጠቅኳትም።

በቃ። እጄን በረደኝ።

ጥቅምት 20

ዳቦ ልገዛ ወጣሁ። ሙሐዲን (ሱቁ ከበራችን ፊት ለፊት ነው) "ጋሽ ታረቀኝ፣ ድመቶችዎን ይቁጠሩ" አለኝ።

"ለምን? ልትገዛኝ ነው?"

አልሳቀም። ጅብ ከእንጦጦ ጫካ መውረድ ጀምሯል። የሱን ግራጫ ድመት ትናንት ወስዶ፣ አንገቷ ላይ የነበረችውን ቃጭል ብቻ ጥሎለት ሄደ። ቃጭሏን ሚዛኑ አጠገብ አስቀምጧታል። "ምን ታደርጋታለህ?" አልኩት። "እኔንጃ... መጣል አቃተኝ።" ልቀልድበት አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት።

ከዛሬ ጀምሮ ድመቶቹ ማታ ማታ ማድ ቤት ይታሰራሉ። ማድ ቤቱ ግቢውን ተሻግሮ ነው፤ ጭቃ ግድግዳ፣ የእንጨት በር፣ በውጭ በኩል መቀርቀሪያ። ጅብ አይደለም ሌባ አይገባውም። የሚሰረቅ ነገር ስለሌለ።

እትዬ አልወደደችውም። "ምን አጠፉ?"

"ጅብ አለ እትዬ።"

"እንግዲያ ጅቡን እሰረው።"

ሰማንያ ስምንት ዓመቷ ነው። ምላሷ ገና ሃያ አልሞላውም።

ጥቅምት 23

ሌሊት ሥራዬ ማዳመጥ ሆኗል። ሳሎን ሶፋው ላይ እተኛለሁ፣ ጆሮዬ ወደ እትዬ በር። ክረምት ላይ ሌሊት ተነስታ የውጭው በር ጋ ቆማ አገኘኋት። "የት ነው?" "ቤቴ።" "ይሄ ማን ቤት ነው ታዲያ?" ዙሪያውን አየች... "ያንተ ነው መሰለኝ" አለች። እንደዚያ የምትሆነው አልፎ አልፎ ነው። ጠዋት ደህና ናት። ሰርካለም ግን ነግራኛለች፤ አጥንቷ ሳስቷል፣ አንዴ ከወደቀች አትነሳም።

ስለዚህ አዳምጣለሁ። የቀኝ አፍንጫዋ ያፏጫል። ቀጭን ፉጨት፣ እንደ ቫልቭ። ጎማ ብትሆን ለጥፌላት ነበር። እስካፏጨች ድረስ ተኝታለች ማለት ነው፤ እኔም አሸልባለሁ። ከግቢው ማዶ ደግሞ ሻምበል በሩን ይቧጥጣል፤ እስኪደክመው።

ጥቅምት 26

ማታ እትዬን ጉድ ሠራኋት።

ልጅ ሆነን፣ እናታችን ከሞተች በኋላ፣ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ያኔ ይሄ ሁሉ ባሕር ዛፍ ነበር። አንድ ሕግ ነበራት። "ሌሊት ስምህ ሲጠራ አቤት አትበል። እስከ ሦስተኛው ዝም በል። ሰው ከሆነ ሦስቴ ይጠራል። ያ ነገር ከሁለት በላይ አይችልም።" ያ ነገር ምን እንደሆነ ተናግራ አታውቅም። ጅብ ይሁን፣ ሌላ ይሁን... ስም የለውም። ስሙን ካወቅነው እሱም ስማችንን ያውቃላ።

እንግዲህ ማታ አፍንጫዋ ፉጨት ሲያቆም፣ ነቅታለች ማለት ነው፣ በቀጭን ድምፅ "መሰለች..." አልኩ። ጸጥ። "መሰለች..." ጸጥ። ትንፋሿን ይዛ ሦስተኛውን ስትጠብቅ ይሰማኛል! ሶፋውን ነክሼ ሳቅሁ።

ጠዋት "ማታ ተጠራሁ" አለች። "ስንቴ?" "ሁለቴ።" ፊቷን ሳይ ጨነቀኝና ተናዘዝኩ። በምርኩዟ ጉልበቴን አለችኝ። ቀጥሎ ግን አልሳቀችም።

"ታረቀኝ።"

"ወዬ።"

"አቤት በል! ታላቅህ ነኝ። ሰባ ዓመት ሙሉ ወዬ ስትለኝ..." ምርኩዟን መሬት ላይ ተከለችና "በዚህ አይቀለድም። ያስለመድከው ይመጣል" አለች።

ጥቅምት 29

ማታ ስሜ ተጠራ። ሁለቴ። እትዬ ብድሯን እየመለሰች ነው። ጎበዝ ናት!

ኅዳር 2

እንደገና። "ታረቀኝ..." ቆየት ብሎ "ታረቀኝ..."። የሷ ድምፅ ነው። ሳቄን ይዤ፣ እጅ ከፍንጅ ልይዛት በሯን ገፋ አደረግሁ።

ተኝታለች። አፍንጫዋ ያፏጫል።

ጠዋት ጠየቅኋት። "እኔ? እኔ ተኝቼ ነበር" አለች። የእትዬን ውሸት አውቀዋለሁ፤ ስትዋሽ ነጠላዋን ታስተካክላለች። አላስተካከለችም።

አሁን ሳስበው... ድምፁ የሷ ነበር፣ ግን የዛሬው አይደለም። ጥርሷ ሙሉ የነበረ ጊዜ ያለው። የመጣውም ከክፍሏ በኩል አልነበረም። ከግቢው ነው።

ሌላ ነገር። ድመቶቹ። ድምፁ ከመምጣቱ በፊት ሻምበል መቧጠጡን አቆመ። እንደደከመው አይደለም፤ እንደተያዘ። ጠዋት ስከፍትላቸው ሁለቱም ጎን ለጎን ተቀምጠው በሩን ያያሉ። ከአዲሱ ገበያ ያመጣሁላቸውን ሳንባ አልነኩትም። ሻምበል ሳንባ ሳይነካ ያደረበት ቀን አላስታውስም።

ኅዳር 5

ሙሐዲን ጠራኝ። ሱቁ ውስጥ ሰው እስኪወጣ ጠበቀ።

"ጋሽ ታረቀኝ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና... ማታ ማታ እማማ መሰለችን ምን ሆነው ነው የሚጠሯቸው?"

"አንድ ቀን ቀለድኩባት። አንተ እንዴት ሰማኸኝ? በሹክሹክታ ነበር።"

"ሹክሹክታ? ግቢ ቆመው ነበር የሚጠሩት። ትናንትም፣ ከትናንት በስቲያም። መሰለች፣ መሰለች። ድምፅዎን አላጣውም መቼስ።"

"ትናንት ከሶፋ አልተነሳሁም።"

"ቢስሚላህ" አለና ቃጭሏን ከሚዛኑ አጠገብ አንስቶ መሳቢያ ውስጥ ከተታት።

ለእትዬ አልነገርኳትም። ለሰርካለምማ ጭራሽ። አባባ ጀመረው ትላለች።

ኅዳር 8

ሰርካለም አናጺ ይዛ መጣች። የእትዬ በር ላይ መቀርቀሪያ አስመታች፤ በውጭ በኩል። "እኔ ተረኛ ስሆን ብቻ አባባ። ወጥተው ቢወድቁስ?"

"ድመት አይደለችም" አልኩ።

"ድመቶቹን ስለሚወዷቸው አይደል የሚዘጉባቸው?"

ይቺ ልጅ ጠበቃ መሆን ነበረባት።

እትዬ አልጋዋ ላይ ሆና ሁሉን ሰምታለች። "ከእስረኞቹ ጋር ልትቀላቅሉኝ ነው? እሺ። ግን ሻምበል እግሬ ሥር ይተኛ" አለች። ሳቅን። ቀጥላ ግን ወደኔ ዞራ "አንተ አትቀረቅርብኝም" አለች። እንደጥያቄም አይደለም፣ እንደትእዛዝም አይደለም።

አልቀረቅርም።

ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን። መንደሩ በሙሉ ቆሻሻውን በየበሩ አውጥቶ አቃጠለ። በሽታ ይውጣ ነው። ሙሐዲንም የካርቶን ክምሩን ይዞ ወጣ። "አንተ ደግሞ በሚካኤል ምን አገባህ?" ስለው "ጋሼ፣ ጉንፋኑ ሃይማኖት አይጠይቅ" አለኝ። ከሰዓት ጀምሮ ጭሱ ተኛብን። ፀሐይዋ የመዳብ ሳንቲም መሰለች። እትዬ በመስኮት እያየች ትስላለች፣ ትስላለች። እኔም። ሰርካለም ወደ ሥራ ስትወጣ የሳል ሽሮፕ ሰጠችኝ፤ "እንቅልፍ ያመጣል፣ ትንሽ ብቻ" ብላ።

ድመቶቹን አስገብቼ ቀረቀርኩ። ማድ ቤቱ ጭስ ጭስ ይላል። ሻምበል አስነጠሰው። "ይማርህ ሻምበል" አልኩት።

ኅዳር 13

እትዬ ወደቀች።

ኅዳር 14

ልጻፈው።

ሽሮፑን ጠጣሁ። ትንሽ ሳይሆን ትንሽ በዛ አድርጌ። ሌሊት... በእንቅልፌ መሃል "ታረቀኝ" ሲል ሰማሁ። ከግቢው። ልነሳ አልኩ። አይ፣ ያ ነገር ነው። "ታረቀኝ!" ሁለተኛ። ትንፋሼን ያዝኩ። ሦስተኛውን ጠበቅሁ። ልክ እንዳስተማረችኝ። ጠበቅሁ... አልመጣም። እንዳልኩት፣ ያ ነገር ነው ብዬ ተገላበጥኩ።

ጎህ ሲቀድ የነቃሁት በጸጥታው ነው። ፉጨት የለም። አልጋዋ ባዶ። የውጭው በር ክፍት።

ማድ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተጋድማ ነበር። በሩን ከፍታዋለች። ሻምበል ደረቷ ላይ፣ ወይዘሪት ብብቷ ሥር። አልሸሹም። ሌሊቱን ሙሉ በሩ ተከፍቶላቸው አንዳቸውም አልሸሹም። ዓይኗን ገለጠች። "በጭስ ታፍነው እንዳይሞቱ ብዬ" አለች። ሌላ አላለችም።

ሙሐዲን በመኪናው ሆስፒታል አደረሰን። ስንመለስ የግቢያችንን የቆርቆሮ በር አሳየኝ። ከሥሩ ተጭሯል። የሰው ጭንቅላት የሚያስገባ ጉድጓድ። የጅብ እግር ዱካ አለ። ጭሮ ጭሮ ትቶ ሄዷል። ለምን ተወው? ሙሐዲን አያውቅም። እኔም አላውቅም።

የጎማ ትንፋሽ እሰማለሁ እያልኩ... እህቴ በስሜ ጠርታኝ ተገላበጥኩ።

ኅዳር 17

ዳሌዋ ነው። ሆስፒታል ተኝታለች። ዛሬ አእምሮዋ ጥርት ብሏል። እጇን ይዤ ጠየቅኋት። እስካሁን ስላልጠየቅሁ ነው መሰለኝ እህል አልወርድ ያለኝ።

"እትዬ፣ ለምን ሦስተኛውን አልጠራሽኝም? ሦስተኛውን ብትጠሪ እኮ እመጣ ነበር።"

በመገረም አየችኝ።

"ምን ብዬ ልጥራህ? አቤት አልክ እኮ።"

"ማ?"

"አንተ ነሃ! በሁለተኛው፣ ከበሩ በኩል፣ አቤት አልክ። መጣህ ብዬ ዝም አልኩ። ጠበቅሁህ... ቆየህብኝ።" ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። "አቤት ስትለኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ወዬ ነበር የምትለኝ" አለች።

ነጠላዋን አላስተካከለችም።

ኅዳር 18

እኔ አቤት አላልኩም።

አላልኩም። ብዬ ይሆን? በሽሮፕ ሰክሬ? ... ሰባ ዓመት ወዬ ያልኩ ሰው በእንቅልፌ ጨዋ ልሁን?

ታኅሣሥ 4

እትዬ ቤቷ ገባች። አትራመድም። አልጋዋን ሳሎን አምጥተን ከሶፋዬ ጎን አደረግነው፤ እጄን ብዘረጋ እነካታለሁ። ድመቶቹንም ሳሎን ውስጥ ከእኛ ጋር እንዘጋለን። ወደ ማድ ቤቱ ማታ የሚሻገር የለም።

ዛሬ ምክር ተቀመጥን፣ ሁለት ሽማግሌ። ስማችንን ያውቀዋል። ድምፃችንንም ያውቀዋል። አቤትንም ያውቃል። እንግዲህ እሱ የማያውቀው ምን አለን?

እትዬ አሰበች አሰበችና ጥርስ በሌለው አፏ ሳቀች። "ቅንቡርስ" አለች።

ወይ ጉድ! ሕፃን ሆኜ ወፍራም ነበርኩ አሉ፤ ነጭ፣ እጥፍጥፍ ያልኩ፣ ከአፈር እንደወጣ ትል። ቅንቡርስ ትለኝ ነበር። ይሄን ስም ከሷ በቀር የሚያውቅ በሕይወት የለም። ሚስቴ እንኳ ሳታውቀው ሞተች። እኔም ልነግራት አልቸኮልኩም።

"እሺ። ሌሊት ስትፈልጊኝ ቅንቡርስ በይኝ። በአንደኛው እነሳለሁ፣ ሦስት የለም፣ ሁለት የለም። እኔስ ምን ልበል?"

ፊቷን አኮሳተረች። እንደማይወጣላት ነገር አወጣችው። "ወዬ በለኝ።"

"እንዴ! ታላቄ አይደለሽ?"

"ለሌሊት ብቻ። ቀን ከሰማሁህ ምርኩዜ አለልህ።"

ታኅሣሥ 9

ትቀልድብኛለች። ማታ "ቅንቡርስ!" "ወዬ! ምነው? ውኃ?" "ምንም። መኖርህን ላይ ብዬ።" ገና ሳሸልብ "ቅንቡርስ!" ሰርካለም ከክፍሏ "አንተኛም እንዴ እናንተ ሰዎች?" ትላለች።

ከኔ የባሰች ሆና ተገኘች። ማን ሆነና ያሳደገኝ?

ታኅሣሥ 21

ማታ መጣ።

ሻምበል እግሯ ሥር ተኝቶ ነበር። ተነሳ። ፀጉሩ ቆመ፤ ሁለት ድመት አከለ። ድምፅ ግን አላወጣም። እትዬ ነቅታለች፤ ፉጨቷ ቆሟል። እጇ በጨለማው መጥቶ እጄን ያዘ።

"ታረቀኝ..." ከግቢው። የሷ ድምፅ። እሷ ግን አጠገቤ ናት፣ አፏ ዝግ ነው፣ እጇ እጄ ውስጥ ነው።

"ታረቀኝ..."

ዝም አልን። ሦስተኛ የለም። ያልፋል ብዬ ነበር። ከዚያ፣ ከዚያው ቦታ፣ በኔ ድምፅ፦

"አቤት።"

ራሱ ጠርቶ ራሱ መለሰ። የገዛ ድምፄን ከውጭ ስሰማ... እንዴት እንደሚባል አላውቅም። እግዚኦ ማለት ፈልጌ አፌ አልታዘዘኝም።

ብዙ ቆይቶ ሻምበል ፀጉሩን አስተኛ። ያኔ አልጋው ተንቀጠቀጠ። ፈርታ ነው ብዬ "እትዬ፣ አይዞሽ" ስላት... እየሳቀች ነው! ትራሱን አፏ ላይ ይዛ።

"ሞኝ ነው" አለችኝ በሹክሹክታ። "ጨዋ መስለኸዋል።"

ጥር 12

ታቦት ሲያልፍ አልጋዋን ወደ መስኮቱ አዞርንላት። እልልታውን ሰማች። ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ አየሁ። ማታ ቅንቡርስ አላለችኝም። ደክሟታል።

ጥር 13

ፉጨቱ ሲቆም ነቃሁ። ነቃች ብዬ ጠበቅሁ። "ወዬ" አልኩ፣ ሳትጠራኝ። ሻምበል ደረቷ ላይ ወጥቶ ተቀምጦ ያየኛል።

እትዬ አረፈች።

ጥር 30

አልጋዋን አናንሳ አልኩ። ሰርካለም እሺ አለች። ሙሐዲን ማታ ማታ ሱቁን ሲዘጋ ብቅ ይላል። ዛሬ ቃጭሏን ይዞ መጣ። "ለሻምበል ይሁን" አለ። ሻምበል አንገት ላይ አሰርናት። ተንቆራጠጠ። ማዕረግ ነው ታገሥ አልኩት።

ከሄደች ወዲህ ግቢው ዝም ብሏል። ታረቀኝ የሚል የለም።

የካቲት 24

አርባዋ ወጥቷል።

ጠዋት ሰርካለም ሻይ ስትቀዳልኝ "አባባ፣ ሌሊት ማንን ነው ወዬ ያሉት?" አለች።

"ሻምበልን።"

"ድመት ይጣራል እንዴ?"

"ሻምበል ሲጣራ ወዬ የማይል ወታደር የት አይተሻል?"

አልሳቀችም። የውጭውን በር ቁልፍ አንገቷ ላይ አንጠልጥላዋለች። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ማታ ቆልፋ ትይዘዋለች። እሷ ሶፋዬ ላይ ትተኛለች፤ እኔን የእትዬ አልጋ ላይ አወጣችኝ፣ ለወገብዎ ይሻላል ብላ። ለወገቤ! ትንፋሼን እንደምታዳምጥ አውቃለሁ። ስነቃ ትነቃለች። እኔና ሁለቱ ድመቶች አንድ ላይ ታስረናል። አልከፋኝም። ሰው ስለሚወድ ነው የሚዘጋው፤ ራሷ ነግራኛለች።

ግን ለሷ ያልነገርኳትን እዚህ ልጻፈው።

ሌሊት ነቅቼ ነበር። ሻምበል እግሬ ሥር ነው። ቃጭሏ ቅጭል አለች። ተነስቷል። ያ ነገር መጣ አልኩ። ብርድ ልብሱን እስከ አገጬ ሳብኩ። ፀጉሩን በእጄ ዳበስኩ። አልቆመም። ጭራው ነው የቆመው፣ ቀጥ ብሎ፣ ሳንባ ይዤ ስመጣ እንደሚያደርገው። ወደ ትራስጌው መጥቶ ከጆሮዬ አጠገብ ባዶ ቦታ ላይ ራሱን ያሻሽ ጀመር።

"ቅንቡርስ።"

አንድ ጊዜ። ቀስ ብሎ። ከግቢው አይደለም።

አሰብኩ። ጎሚስታ ነኝ፣ ሳላጣራ አልለጥፍም። ስንጠራራ በመስኮት ሰምቶ ተምሮት ቢሆንስ? ሰምቶ ይሆናል። ቅንቡርስን መማር ይችላል። ድምፅም ይችላል። ጆሮዬን አቀናሁ። ከድምፁ በኋላ በቀጭኑ፣ እንደ ቫልቭ... ያፏጫል። የቀኝ አፍንጫ።

ሦስተኛውን አልጠበቅሁም። ሁለተኛውንም።

"ወዬ፣ እትዬ" አልኩ። "አለሁ።"